ከነጠላዋ የቀደደችልኝ ጥለት

የዚያን ቀን የነበርነው እነዚህ ነን። ቄስ አዳነና ሁለት ዲያቆናት። የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን፣ ዳኛ አያ ሞላና ባለቤታቸው እታተይ ደብሬ። መቃብሩን የቆፈሩ አራት ጎረምሶች። ብልባላ ገበያ ላይ ሸክላ የሚሸጡ ስድስት ሴቶች፣ በጭቃው በእግራቸው የመጡ። ከታች ሰፈር አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት፣ የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ። የልጆቼ አባት። ሦስቱ ልጆቼ። እኔ። ሃያ ሁለት ሰው መሆናችን ነው። ዝናብ ስለነበር ሌላው ሰው «ለተዝካሯ እንደርሳለን» ብሎ ቀረ።

ቆጥሬ የያዝኩት በከንቱ አይደለም። ልጇ ማንጠግቦሽ አንድ ቀን መጥታ «እናቴን ማን ቀበራት?» ብትለኝ «እንጃ» ብዬ እንዳልመልስላት ብዬ ነው። ሃያ ሦስተኛዋ እሷ መሆን ነበረባት። ያልነበረችውም በእኔ ምክንያት ነው።

እናቷ ስንዱ ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ነበረች። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራውንም ብረት የሚቀጠቅጠውንም «ጠይብ» ይሉታል። ቄስ አዳነ ቃሉ ጥበበኛ ማለት ነው ይላሉ፤ ሰው ሲናገረው ግን እንደዚያ አይመስልም። ጠይብ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሕፃን አታሳዩት፣ ወተት ክደኑበት ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ድስቱን ከእሷ ገዝተን እንበላበታለን፤ ከእሷ ጋር ግን አንበላም።

የመንደሩ ልጆች «እታለም» ይሏት ነበር። እኛ አዋቂዎቹ «ስንዱ» ነበር የምንላት፤ ሲብስም «ያቺ ጠይብ»። ከእኔ በሃያ ዓመት ትበልጣለች። ለእኩያዋ ለሌላዋ ሴት «አንቱ» የምል ሰው ለእሷ ግን «አንቺ» ነበር የምለው። በኋላ፣ ከታረቅን ወዲያ፣ አንቱ ብላት ከት ብላ ሳቀችብኝ። «ኧረ ተይኝ ብርቄ! በስተርጅና ስሜን አታስረዝሚብኝ። እንደ ልጆቹ እታለም በይኝ፣ ይበቃኛል» አለች። ስለዚህ አሁንም እንደዚያው ነው የምጽፋት።

መጀመሪያ ያወቅሁት ጀርባዋን ነው። ሕፃን ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ስታገኝ እታለም ፊቷን ወደ ገደሉ ታዞራለች። እዚያው ጀርባዋን ሰጥታ «እንዴት ዋላችሁ? ልጁ ደህና ነው?» ትላለች። እስክናልፍ ድረስ አትዞርም። ሸክሟ ከባድ ቢሆንም፣ ዝናብ ቢሆንም እንደዚያው ነው። እኔ ያን ጊዜ «አያችሁ፣ ጥፋቷን ስለምታውቅ እኮ ነው የምትዞር» እል ነበር። እኛ እንዳንፈራ ብላ እንደምትዞር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። የመጀመሪያ ልጄ በስምንት ወሩ ሞተብኝ። ከዚያ ወዲያ ለወለድኳቸው ሁሉ ክታብ አንገታቸው ላይ አስሬ፣ ጤና አዳም ጉያቸው ውስጥ ከትቼ ነው ያሳደግሁ። ሲያስነጥሱ እደነግጣለሁ። ሰው «ወፈረ» ካለብኝ ቀኑን ሙሉ ልቤ አያርፍም። ከእታለም ቤት በላይ ድንጋይ ተገንብቶለት የጎለበተ ንጹሕ ምንጭ አለ፤ መንደሩ ሁሉ ከዚያ ነው የሚቀዳ። እኔ ግን በጠይቧ ደጅ ልጆቼን አላሳልፍም ብዬ ከታች ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ እቀዳ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «ይቀርበኛል» እላለሁ። አይቀርበኝም ነበር።

ትንሿ ልጄ ሕይወት ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለካ ታላቅ እኅቷ እየደበቀች እታለም ቤት ትወስዳታለች። ሸክላ አፈር ያቦካሉ፣ ይጫወታሉ። አንድ ቀን አውራ ጣት የምታህል እንስራ ይዛ መጣች። አፍ አላት፣ ጆሮ አላት፣ ሁሉ ነገር ያላት እንስራ።

«ማነው የሰጠሽ?»

«እታለም!» አለች፣ ደስ ብሏት።

ከእጇ ነጥቄ በአጥር ላይ ወረወርኩት። ድንጋይ ላይ አርፎ ሲሰበር ሰማሁ። ልጅቷ እስክትተኛ ድረስ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን አልቆየችም፣ ታመመች። ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል። የነአኩቶ ለአብ ጠበል ነበረኝ፣ አጠጣኋት። ያንንም አስመለሰችው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከንፈሯ ደረቀ። ጎረቤት ሁሉ ቤቴ ተሰብስቧል። ያን ጊዜ ነው ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ «እታለም… እታለም…» ያለችው።

ሴቶቹ ሁሉ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ለፈለፈች! ስሟን ጠራችው!» አሉ። በእኛ ዘንድ ቡዳ የበላው ሰው የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ይባላል። እኔም ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም። የተሰበረች እንስራዋን እየፈለገች እንደሆነ ማን ያስብ? እናቷ ነኝ፣ እኔ እንኳ አላሰብኩም።

እየጮህኩ ወጣሁ። አያ ሞላ ዱላቸውን ይዘው ከኋላዬ መጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እታለም ደጇ ላይ ነበረች። የወር ሥራዋን፣ ድስቱን፣ እንስራውን፣ ትልልቁን ጋን ደርድራ በኩበትና በእንጨት ልታቃጥል ነው። ልጇ ማንጠግቦሽ እንጨት ታቀብላታለች። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

«ልጄን መልሺልኝ! በልተሻታል፣ መልሺልኝ!» አልኳት።

አያ ሞላ ምንም አልጠየቁም። በዱላቸው መጀመሪያ ጋኑን መቱት። ከዚያ ሌላውንም። እታለም ወደ ገሉ እንኳ አላየችም።

«ሽንት ትሸናለች?» አለችኝ።

«ምን?»

«ልጅቱ ሽንት ትሸናለች ወይ? ዓይኗ ጎድጉዷል? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንቺ ነሽ የምታውቂው!»

«ብርቄ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። አሁን።»

«መጀመሪያ በጥለትሽ ትታጠን!» አሉ አያ ሞላ። «ከዚያ በኋላ የትም ትወሰድ።»

ልማዱ ይኸው ነው። በላ ከተባለው ሰው ልብስ ተቀዶ፣ ተቃጥሎ፣ ጭሱን የታመመው ይታጠናል። የተጠረጠረው ሰው ከሰጠ ግን አመነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ከእነዘሩ አይነሣም።

ማንጠግቦሽ መካከላችን ገባች። «እማ፣ እንዳትሰጫቸው! ከሰጠሽ አመነች ነው የሚሉሽ! እኔንስ ማን ሰው ይለኛል?» አለች። እጇ እስከ ክንዷ ጥላሸት ነበር። ያን ለብዙ ጊዜ በሕልሜ አየው ነበር።

እታለም ልጇን አየቻት። ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ያን ቀን ፊቷን አላዞረችም። ዛሬ ሳስበው፣ ጥለቱን ሳልይዝ ልጄን ወደ ጤና ጣቢያ እንደማልወስድ ከፊቴ አንብባለች። ስትከራከር ብትውል እውነቱ የእሷ ነው፤ ልጄ ግን እስከዚያ ትሞታለች።

የነጠላዋን ጠርዝ በጥርሷ ያዘችና ጥለቱን አንድ ክንድ ያህል ቀደደችው።

«ማንጠግቦሽዬ» አለቻት፣ «ስም ይመለሳል። ሕፃን አይመለስም።»

ከዚያ ለእኔ ዘረጋችልኝ። «እንቺ። እየሄድሽ አጥኛት። ግን እየሄድሽ ነው። ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይም ይጨሳል።»

ባለቤቴ ልጅቱን አዝሎ፣ እኔ ጥለቱን ጨብጬ እየሮጥን ብልባላ ወረድን። ጤና ጣቢያው በር ላይ ክብሪት ለኩሼ ግማሹን አቃጠልኩት። ዘበኛው «ሴትዮ፣ አብደሻል?» እያለ ጮኸ። ሲስተሯ ወጥታ ልጄን ከባለቤቴ ጀርባ ላይ ነጥቃ ወሰደቻት። ጉሉኮስ ሰኩላት። ሁለተኛው ካለቀ በኋላ ሕይወት ዓይኗን ገለጠች።

«የሰውነቷ ውኃ አልቆ ነው» አለች ሲስተሯ። «እስከ ቀትር ብትቆዩ አታገኟትም ነበር። ከየት ነው ውኃ የምትቀዱት?»

ባለቤቴ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ከወንዝ» አለ እሱ።

«መንደራችሁ የጎለበተ ምንጭ የለውም?»

«አለው» አለ።

ኃጢአቴ ብዬ የምቆጥረው እንግዲህ መጮሄን አይደለም። የጮህኩት ልጄ ልትሞት ስለሆነ ነው፤ ያንን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ኃጢአቴ ከተመለስን በኋላ ያለው ነው። መንደሩ «ሰጠች፣ ልጅቱም ዳነች። በላተኛዋ እሷ መሆኗ ታወቀ» አለ። እኔ የውኃውን ነገር አውቃለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ግን «በገዛ ፍርሃቷ ልጇን ልትገድል ነበር» እንዳይሉኝ ፈራሁና ዝም አልኩ።

እታለም በየጠዋቱ ከአጥራችን ውጪ ትቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታ ነው። «ሕይወት እንዴት አደረች?» ትላለች። ባለቤቴ «ደህና አደረች» ይላታል። ትሄዳለች። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

ማንጠግቦሽን ለማጨት ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ነበሩ፤ ቀሩ። ምክንያቱን አልተናገሩም፣ መናገርም አላስፈለጋቸውም። ወር ሳይሞላ አንድ ማለዳ ልጅቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ ላሊበላ ሄደች፤ ከዚያም በወልድያ አውቶቡስ ተሳፈረች። እናቷን «አንቺ ልጅ አዳንሽ፤ እኔን ግን ሸጥሽኝ» ብላት እንደሄደች በኋላ እታለም ራሷ ነገረችኝ። ስትነግረኝ አልወቀሰቻትም፤ «እውነቷን ነው» ነው ያለች።

የእመቤታችን ጽዋ ማኅበር አለን፤ ወር በገባ በሃያ አንድ በተራ በየቤታችን እንጠጣለን። ጽዋው የሸክላ ነው። የሠራችው እታለም ናት፤ እሷ ግን ማኅበርተኛ አልነበረችም። ከመጠጣታችን በፊት ቄስ አዳነ ሁልጊዜ «ከሰው ጋር የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያለበት ሳይታረቅ አይጠጣም። እኔ ስምንት ወር ሙሉ «የለም» እያልኩ ጠጥቻለሁ። «እኔ አልተቀየምኩ» እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። እውነትም አልተቀየምኩም፤ የበደልኩ ነኝ እንጂ።

በዘጠነኛው ወር ተራው የእኔ ሆነ። ጽዋውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከሥሩ የአውራ ጣቷ ምልክት አለ፤ ጭቃው ሳይደርቅ የተጫነችበት። ሁልጊዜ ነበር፣ የዚያን ቀን ነው ያየሁት። ጣቴ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ገባ።

«አባ፣ አልጠጣም» አልኩ።

«ለምን፣ ልጄ?»

«ስንዱን በድያለሁ። ልጄን ያሳመማት ከወንዝ የቀዳሁት ውኃ ነው። በእሷ ደጅ ላለማለፍ ብዬ። ሲስተሯ ነግራኛለች። ሳልነግራችሁ ዝም ብዬ ነው።»

አያ ሞላ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩ። «ይኸው እንግዲህ! ደግሞ ከቡዳ ጋር እርቅ ልታመጣብን ነው!»

ቄስ አዳነ ጽዋውን ከእጄ ተቀብለው ወደ አያ ሞላ አዞሩት። «አያ ሞላ፣ አፍህን ስንት ዓመት የምታስነካው ይህ የማን እጅ ሥራ ነው?» አሏቸው። «ታዲያ አልበላህም!» ሲሉ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

እንግዶቼን እዚያው ትቼ፣ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው ከአጥሬ አንድ ድንጋይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ተሸከምኩ። ቄስ አዳነ ተከተሉኝ። እታለም ደጅ ተቀምጣ ጭቃ ታሻለች። ስታየኝ እንደ ልማዷ ልትዞር ነበር።

«አትዙሪ» አልኳት፤ በእግሯ ሥር ተንበረከክሁ። የምናገረውን ስመጣ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። «ዝም አልኩ» ብቻ ነው ያልኩት። «እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ድንጋዩን ከትከሻዬ ላይ አነሣችው። አገላብጣ አየችው። «ጉልቻ አንድ ጎድሎኝ ነበር» አለች። «ደህና ድንጋይ ነው፤ ከየት አገኘሽው?» ምድጃዋ አጠገብ ወስዳ አስቀመጠችውና አገጣጠመችው። እስክትሞት ድረስ በዚያ ድንጋይ ላይ ድስት ስትጥድ አይቻታለሁ።

ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እኔ ይቅር ካልኩሽ ቆይቻለሁ፣ ብርቄ» አለችኝ። «የማንጠግቦሽን ግን እኔ ልሰጥሽ አልችልም። የራሷ ነው። ከእሷ መቀበል አለብሽ።»

ከዚያ ወዲያ ከንጹሑ ምንጭ መቅዳት ጀመርኩ። ሳልፍ እቀመጣለሁ። ጭቃ ስታሻ ብዙ አየኋት። ጣቶቿ አያርፉም፤ ጠጠር ሲያገኙ አውጥተው ይጥላሉ፣ ሲያገኙ አውጥተው ይጥላሉ። አንድ ቀን «እንዴት ቻልሽው? እኔ ብሆን መንደሩን አቃጥዬ በሄድኩ ነበር» አልኳት።

«ቅዱስ አድርገሽኝ እንዳትሄጂ» አለች። «ስምሽን ስሰማ ጥርሴን የነከስኩበት ቀን አለ። የሕይወትን ጤንነት ጠይቄ ስመለስ መንገድ ላይ የረገምኩሽ ቀንም አለ፤ በማግሥቱ ደግሞ መጥቼ እጠይቃለሁ።» ጠጠር አገኘች፤ አሳየችኝ፣ የምስር ፍሬ ታህላለች። «ይቺን እዚህ ውስጥ ብተዋት ማንም አያያትም። ድስቱ ያምራል። እሳት ሲገባ ነው የምትፈነዳ፤ የምትሰብረውም ራሱን ድስቱን ነው እንጂ ሌላ ሰው አይደለም። ስለዚህ እለቅማለሁ። ትላንት ጨረስኩ ያልኩትን ዛሬ ደግሞ አገኘዋለሁ። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ እንደገና እለቅማለሁ።»

ሰባኪ ስለ ይቅርታ ሲናገር ብዙ ሰምቻለሁ። እንደ ሥራ፣ በየቀኑ የሚሠራ ነገር መሆኑን የነገረችኝ ግን እሷ ናት።

ማኅበሩ እንድትገባ ሲነጋገር አያ ሞላ «እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ» አሉ። ቄስ አዳነ ተቆጡ። እታለም ግን «አያ ሞላ ለምን ይወጣሉ? እኔ ደጅ እቀመጣለሁ። ጽዋው እንደሆነ ደጅም ይመጣል» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠጣች። አያ ሞላ ጀርባቸውን ይሰጧታል። ለጀርባ እሷ አዲስ አልነበረችም።

ከዚያ አያ ሞላ ልጅ ሊድሩ ሲሉ የጠላ ጋናቸው ተሰነጠቀ። ሰርጉ አራት ቀን ቀርቶታል። እኔ እታለም ቤት ነበርኩ። ከአጥር ውጪ ሆነው «ስንዱ! ሰው አለ?» አሉ።

«አለ፣ አያ ሞላ። ይግቡ።»

አልገቡም። «ጋን ፈልጌ ነበር።»

«ምን ያህል ይሁንልዎት? የዚያን ቀን በዱላ የሞከሩትን ያህል?»

ጆሯቸው ሲቀላ አየሁ። እሷ ግን እየሳቀች ከውስጥ አንድ ትልቅ ጋን አንከባላ አወጣች፤ በጣቷ አንጓ መታችው። ደወል መሰለ። «ይስሙት፣ ይናገራል። የዚያኛው ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱ ግን በደህና ቀን ተወለደ» አለች። ሙሽራዋን መርቃ አሸከመቻቸው።

በሚቀጥለው ሃያ አንድ እታለም እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ ልትቀመጥ ስትል አያ ሞላ ሳይዞሩ «ደጁ ብርድ ነው፤ ግቢ እንጂ» አሉ። ያቺን ታህል ናት የተናገሩ። ገባች። ባለፈው ስንቀብራት ቃሬዛዋን ከፊት የያዙት እሳቸው ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም።

ቀሪው የማንጠግቦሽ ነገር ነው። እታለም በየገበያው ቀን ሸክላዋን ጥላ የመኪና ሰዎችን ትጠይቅ ነበር። አንድ ረዳት ኮምቦልቻ ዳቦ ቤት ስትሠራ አይቻታለሁ አለ። ያን ቀን እታለም ሸክላዋን ሳትሸጥ እየዘመረች ተመለሰች። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ፣ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ሲከፈት ረዳቱ አልተገኘም። ዳቦ ቤቱን የጠየቁ ሰዎችም «ሄዳለች» ተባሉ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የተቀደደውን ነጠላ ግን አልጣለችውም። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በእሱ ነበር። ልስፋልሽ ብዬ ለመንኳት፤ የተረፈው የጥለቱ ግማሽ እኔ ዘንድ አለ፣ ጫፉ የተቃጠለ። «ተይው፣ ማንጠግቦሽ ስትመጣ ራሷ ትስፋው» አለች። «እሷ የሰፋችው ቀን ነው የሚያልቅ።»

በሰኔ መጀመሪያ ላይ ታመመች። እኔና ሕይወት ተራ በተራ አደርንባት። ሕይወት አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ፊቷን ስታጥባት እታለም በደካማ እጇ የልጄን ጉንጭ ይዛ ብዙ አየቻት። ረጅም ጊዜ ነው ያየቻት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ አልፈራሁም። «አደግሽ» አለቻት። ማታ ዐረፈች።

ገንዘን ስንቀብራት ነጠላዋን አላለበስኳትም። ይቅር ይበለኝ። አጥቤ፣ ከጥለቱ ጋር አጥፌ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አልሰፋሁትም።

አሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ማንጠግቦሽ ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ረጅም ናት፣ ጠይም፤ ግራ አውራ ጣቷ ላይ የእሳት ጠባሳ አለባት። ስትስቅ እንደ እናቷ ፊቷን ታዞራለች። ስሟን ቀይራ ሊሆን ይችላል። ያያት ሰው ካለ፣ እናቷ እንዳረፈች ቀስ ብሎ ይንገርልኝ። ቤቱ እንዳልፈረሰ፣ ቁልፉም ቄስ አዳነ ዘንድ እንዳለ ይንገርልኝ። ብርቄ የውኃውን ነገር በሰው ፊት ተናግራለች፣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል በሉልኝ። እኔን ማናገር ካልፈለገች አትገደድ። «ከፈለግሽ አላይሽም፣ ስትመጪ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ» በሏት።

ብልባላ ገበያ ላይ ለሸክላ ሻጮቹ ሴቶች ከተነገረ ይደርሰኛል። ደህና መሆኗን ብቻ የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ፣ እሱን ብቻም ቢሆን ንገሩኝ።